የጢም መላጫ ብሩሽ አደራረቅና አቀማመጥ

በአንድ ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል እንደ ጢም መላጫ ብሩሽ የተዘነጋ ያለ አይመስለንም። ምላጩ ሲደነዝ ይለወጣል፤ ሳሙናው ሲያልቅ ይገዛል፤ ፎጣው ሲያድፍ ይታጠባል። ብሩሹ ግን ጧት ሥራውን ከፈጸመ በኋላ አረፋውን እንደ ተሸከመ ከጣሳው ውስጥ ይጣላል፥ ወይም እርጥብ እንደ ሆነ በመሳቢያ ውስጥ ይዘጋበታል፤ በማግሥቱም ሲፈለግ ከነሽታው ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠጉሩ እየረገፈ ፊት ላይ ሲቀር ባለቤቱ «የዛሬ ዘመን ዕቃ እንዲህ ነው» ብሎ ሻጩን ያማል። እኛ ግን በዚህ ወር ለማስረዳት የምንፈልገው፥ ብሩሽን የሚያጠፋው ሥራው ሳይሆን ከሥራው በኋላ የሚተርፍበት እርጥበት መሆኑን ነው። በደኅና የደረቀ ብሩሽ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሳይደርቅ የተቀመጠ ግን ራሱም ይበላሻል፥ የባለቤቱንም ፊት ያበላሻል።

ካህናቶቻችንና መነኮሳቱ ጢማቸውን የሚያሳድጉ በመሆናቸው ይህ ምክር በይበልጥ የሚመለከተው ምእመናኑን አባወራዎችና ጢም ማብቀል የጀመሩትን ወጣቶች ነው። በዛሬው ጊዜ ከቆርቆሮ ተጭኖ የሚወጣው አረፋ ብሩሹን ከብዙ ቤት ማስወጣቱ እውነት ነው። ቢሆንም አንድ ድቡልቡል ሳሙናና አንድ ብሩሽ ለብዙ ወራት ስለሚበቁ፥ ዋጋውን የሚያስብ ቤተ ሰብ ወደ ብሩሽ ቢመለስ አይጐዳም።

በመጀመሪያ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ብሩሽ ማለት በአንድነት የታሰረ የጠጉር ችቦ ነው፤ ሥሩ በሙጫ ተጣብቆ ከእንጨት፥ ከቀንድ፥ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ በተሠራ እጀታ ውስጥ ይተከላል። ጠጉሩም አራት ዓይነት ነው። አንደኛው በአውሮፓና በእስያ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ባጀር የተባለ አውሬ ጠጉር ነው፤ ፈረንሳዮች አውሬውንም ብሩሹንም «ብሌሮ» ብለው በአንድ ስም መጥራታቸው ጥንት ብሩሹ ከምን ይሠራ እንደ ነበረ ያስረዳል። ሁለተኛው የአሳማ፥ ሦስተኛው የፈረስ፥ አራተኛው ደግሞ በፋብሪካ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጠጉር ነው።

እነዚህ ሁሉ ውሃን የሚይዙት በአንድ መንገድ አይደለም። የአሳማ ጠጉር ውሃውን ወደ ውስጡ ይመጣል፤ ስለዚህ ከመላጨት በፊት ጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ ይፈልጋል፥ በኋላም ቶሎ አይደርቅም። የባጀር ጠጉር ውሃውን የሚያከማቸው በይበልጥ በጠጉርና በጠጉር መካከል ነው። ሰው ሠራሹ ግን ውሃ ወደ ውስጡ ስለማይገባ ፈጥኖ ይደርቃል። በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነው ነገር፥ ጫፉ ቢደርቅም ሥሩ እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ነው። በእጅ የዳሰሰው ሰው «ደርቋል» ይላል፤ ከእጀታው አጠገብ ባለው በጠባቡ ስፍራ ግን ውሃው ገና እንዳለ ነው። ሙጫውን የሚያላላው፥ የእንጨቱን እጀታ የሚሰነጥቀው፥ የቀንዱን እጀታ የሚያጣምመው፥ ሻጋታም የሚያበቅለው ይህ የተሰወረ ውሃ ነው። ሻጋታም ሆነ ሌላው በዓይን የማይታይ ነፍሳት ሁሉ ያለ እርጥበት አይባዛም፤ የእርጥበቱን ዕድሜ ያሳጠረ ሰው የእነርሱን ዕድሜ አሳጠረ ማለት ነው።

እንግዲህ ብሩሹን ለማድረቅ የሚደረገው ሥራ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ሲሆን ሥርዐቱ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ተላጭተው እንደ ጨረሱ ብሩሹን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ማለቅለቅ ነው። ውሃው የፈላ መሆን የለበትም፤ የፈላ ውሃ ጠጉሩን ያደርቀዋል፥ ሙጫውንም ያላላዋል። በሥሩ የቀረ ሳሙና እንዲወጣ ጠጉሩን በጣት ገለጥ ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ጠጉሩን በመዳፍ ይዞ ከሥር ወደ ጫፍ በቀስታ መጭመቅ ነው። ብዙ ሰዎች እንደ ጨርቅ ይጠመዝዙታል፤ ይህ ግን ጠጉሩን ከሥሩ የሚነቅል ክፉ ልማድ ነው። መጭመቅ እንጂ መጠምዘዝ አይገባም።

ሦስተኛ፤ እጀታውን አጥብቆ ይዞ ብሩሹን ወደ ታች አምስት ስድስት ጊዜ ማራገፍ ነው። በእጅ መጭመቅ ያላወጣውን ውሃ ማራገፉ ያወጣዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሥራ ይህ ነው። በጓዳ ግድግዳ ላይ እንዳይረጭ ግን ከመታጠቢያው ሳሕን በላይ ወይም ከደጅ ይሁን።

አራተኛ፤ የጠጉሩን ጫፍ በደረቅና ንጹሕ ፎጣ ላይ ወዲያና ወዲህ በቀስታ ማመላለስ ነው። ፎጣውን ማርጠቡ ጥቂት ቢመስልም በብሩሹ የቀረውን ውሃ በብዙ ይቀንሰዋል።

አምስተኛ፤ ነፋስ ከሚያገኘው ስፍራ ማስቀመጥ ነው።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ሰዎች ይከራከራሉ። አንዳንዶች «ብሩሽ ጠጉሩ ወደ ታች ሆኖ ካልተሰቀለ ውሃው ወደ እጀታው ይወርዳል» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «በእጀታው ቀጥ ብሎ ቢቆም ምን ይጐዳል?» ይላሉ። ነገሩን በመረመርነው መጠን ሁለቱም እውነት አላቸው። ሳይራገፍ፥ ውሃው እየተንጠባጠበ የተቀመጠ ብሩሽ ቀጥ ብሎ ቢቆም ውሃው ወደ ሥሩ ስለሚሰበሰብ ይጐዳል፤ ለእንዲህ ያለው መስቀሉ ይሻለዋል። በደኅና ከተራገፈና በፎጣ ከተጠረገ በኋላ ግን የቀረው ጥቂት ውሃ በጠጉሮቹ መካከል ተጣብቆ የሚቆይ ስለ ሆነ ወደ ታችም ወደ ላይም አይፈስም፤ የሚያወጣውም ነፋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር ማራገፉና የነፋሱ ስፍራ ነው። መስቀል የሚወድ ግን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ወፍራም ሽቦ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ቢያጥፍና ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ቢመታው የብሩሹን አንገት ይይዝለታል።

የማድረቂያውም ጊዜ እንደ ጠጉሩና እንደ አየሩ ይለያያል። ሰው ሠራሹ በጥቂት ሰዓት ሲደርቅ፥ ወፍራም የሆነ የባጀር ወይም የአሳማ ብሩሽ ግን እስከ ሥሩ ለመድረቅ አንድ ሙሉ ቀን ያህል ይፈልጋል። ዕለት ዕለት የሚላጭ ሰው ብሩሹ ከመድረቁ በፊት እንደ ገና ያረጥበዋል ማለት ነው፤ አቅም ያለው ሁለት ብሩሽ ይዞ አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ ቢጠቀም ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል።

በሀገራችን ደጋማ ስፍራዎች ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት ወራት ደግሞ የተሰጣ ልብስ እንኳ ሁለት ቀን ሲቆይ ይታወቃል፤ ብሩሹም እንዲሁ ነው። በዚህ ጊዜ ሰዎች ወደ ምድጃ ዳር ወይም ወደ ከሰል ማንደጃ ያስጠጉታል። ይህ አይገባም። የእሳት ወላፈን ጠጉሩን ያጠወልገዋል፥ ሙጫውንም ያቀልጠዋል፤ ጢሱም ከጠጉሩ ላይ አይለቅም። በቀጥታ በጠራራ ፀሐይ ላይ ማስጣቱም ቢሆን ጠጉሩን ያደርቀዋል፥ እጀታውንም ይሰነጥቀዋል። የሚሻለው ከመታጠቢያ ክፍሉ እንፋሎት አውጥቶ መስኮቱ ከሚከፈትበት ክፍል፥ ከጥላ ስፍራ ማኖር ነው። ቤቱ ጠባብ ቢሆን እንኳ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ፥ ከልጆች እጅ ከፍ ያለ አንድ መደርደሪያ አይጠፋም።

ከውሃ ቀጥሎ የብሩሽ ጠላት የሳሙና ቅርፊት ነው። በድሬዳዋና በመቀሌ የሚኖሩ አንባብያን የማፍያ ዕቃቸው ከውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ የዚያ ምክንያት በውሃው ውስጥ የሚገኘው የኖራ ዓይነት ማዕድን ነው። ይኸው ማዕድን ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና በብሩሹ ሥር ይከማቻል፤ ጠጉሩም ይደድራል፥ አረፋም እምቢ ይላል፥ እርጥበትም ይቋጥራል። ብሩሹ እንዲህ ሲሆን አርጅቷል ብሎ መጣል አይገባም። አንድ ማንኪያ አቼቶ በአሥር ማንኪያ ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ ጠጉሩን ብቻ፥ እጀታው ሳይነካ፥ አምስት ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ፤ ከዚያም በራስ መታጠቢያ ሳሙና አጥቦ ሽታው እስኪጠፋ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ውሃው እንዲህ ያለ በሆነበት አገር በወር አንድ ጊዜ፥ በሌላው ስፍራ በሁለት ሦስት ወር አንድ ጊዜ ቢደረግ ይበቃል። አዲስ ብሩሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ጠጉር ቢያረግፍ አያስደነግጥም፤ ከወር በኋላም ማርገፉን ካልተወ ግን ሙጫው ተላቅቋልና መለወጥ ይሻላል።

መንገደኛም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጧት ተላጭቶ ወዲያው የሚጓዝ ሰው እርጥቡን ብሩሽ በላስቲክ ጠቅልሎ ከሻንጣው ይከትተዋል፤ ላስቲክ ግን እርጥበቱን ስለሚያፍን ከምንም የከፋ ማኖሪያ ነው። የግድ ከሆነ በደረቅ መሐረብ ጠቅልሎ መያዝ፥ ከደረሱበትም ስፍራ ከሁሉ አስቀድሞ አውጥቶ ነፋስ ማስነካት ይገባል። የብሩሽ ማኖሪያ ቱቦ የሚገዛም ቀዳዳ ያለውን ይምረጥ።

ከዚህ ሌላ ብሩሹ ለረዥም ጊዜ ያለ ሥራ የሚቀመጥበት ወራት አለ። በሀገራችን ልማድ ዘመድ የሞተበት ሰው ጢሙን ሳይላጭ ይቆያል፤ አርባው እስኪወጣ፥ አንዳንዱም ከዚያ አልፎ እስከ ተዝካሩ ምላጭ አይነካውም። በዚያ በኀዘን ጊዜ ስለ ብሩሽ የሚያስብ ማንም የለም፤ ሊያስብም አይጠበቅበትም። ስለዚህ ይህን ነገር የቤቱ እመቤት ወይም ከልጆች አንዱ ቢያስታውስ መልካም ነው። ብሩሹ ታጥቦ ሁለትና ሦስት ቀን በነፋስ ከደረቀ በኋላ፥ አየር በሚያስገባ የካርቶን ሣጥን ውስጥ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የእንስሳ ጠጉር እንደ ሱፍ ልብስ ሁሉ ብል ይበላዋል፤ ብሉም ይልቁን የሚወደው ሳይጸዳ በጨለማ የተቀመጠውን ነው። በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ማየትና ማራገፍ ከዚህ ያድነዋል። ኀዘንተኛው ፊቱን ለመላጨት በተነሣ ቀን ንጹሕ ዕቃ ተዘጋጅቶ ቢያገኝ፥ ትንሽ ነገር ብትሆንም የቤተ ሰቡን አሳቢነት ታስታውሰዋለች።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ዕቃው ነው፤ አሁን ስለ ሰውየው እንናገር። ገበሬው አንባቢያችን አባ ሰንጋን ያውቀዋል፤ ከብት የሚገድል፥ የታመመውን ከብት ሥጋ ለበላና ቆዳውን ለገፈፈም ሰው የሚተርፍ በሽታ ነው። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ የዚህ በሽታ ተሕዋስ ክፉ ጊዜ ሲመጣበት እንደ ዘር ፍሬ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ እንዲህ ሆኖም በአፈርና በጠጉር ላይ ብዙ ዓመት ይቆያል፥ ለብ ያለ የመላጫ ውሃም አይገድለውም።

በ1914 ዓ.ም. በተጀመረው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባጀር ጠጉር እንደ ቀድሞው ሊገኝ ስላልቻለ፥ ብሩሽ ሠሪዎች ከእስያ የመጣ የፈረስ ጠጉር ባጀር አስመስለው መሥራት ጀመሩ። ከዚህ ጠጉር በደንብ ያልጸዳ ነበረበት። በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ወታደሮችና ሌሎችም ሰዎች ፊታቸውንና አንገታቸውን በአባ ሰንጋ ተይዘው ታመሙ፤ የሞቱም አሉ። ምላጭ ያቆሰለው ፊት ለተሕዋሱ በር ሆኖለት ነበር። እንግሊዝ በ1919 ዓ.ም. የአባ ሰንጋ መከላከያ ሕግ አወጣች፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ከጃፓን የሚመጣ የጢም ብሩሽ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች። ከአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሆኑ ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ መርምረው በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ በዛሬ ጊዜ ጠጉሩ ጸድቶ ከሚሠራ ብሩሽ የሚመጣው አደጋ ጥቂት መሆኑን፥ ነገር ግን ከዚያ ዘመን የቀረ አሮጌና ያልጸዳ ብሩሽን ማንሣት አሳሳቢ መሆኑን አስገንዝበዋል።

ይህን የጻፍነው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም፤ ከሱቅ አዲስ የተገዛ ብሩሽ ያለ ሥጋት ሊጠቀሙበት ይቻላል። ነገሩ የሚያስተምረን ግን ብሩሽ በቆሰለ ቆዳ ላይ የሚሄድ ዕቃ መሆኑን ነው። ምላጭ፥ የተሳለ ቢሆን እንኳ፥ በዓይን የማይታይ ቁስል ያቆስላል። ስለዚህ ምላጭን በውሰት የማይሰጥ ሰው ብሩሹንም በውሰት ሊሰጥ አይገባውም። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ በደም የሚተላለፍ ሲሆን፥ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። ጭርትም ከአንዱ ሰው ጢም ወደ ሌላው በዕቃ ይሻገራል። ደግሞም እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ማድረቅ ሻጋታን ይከለክላል እንጂ የሌላውን ሰው ደም አያነጻም። ከጠጉር አስተካካይ ዘንድ የሚላጩም አንድ ብሩሽ በብዙ ፊት ላይ ሲዞር ቢያዩ፥ በትሕትና «በእጅህ አረፋውን አድርግልኝ» ቢሉ ወይም የራሳቸውን ይዘው ቢሄዱ የሚያሳፍር ነገር የለውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለእንዲህ ያለው ነው።

በቤት ውስጥም አንድ ብሩሽ ለአባትና ለልጅ፥ ለወንድማማቾችም በጋራ መሆን የለበትም። ልጁ ጢም ማብቀል ሲጀምር ብዙዎች አባቶች ነገሩን በሣቅ ያልፉታል፤ ወጣቱም ተደብቆ በአባቱ ምላጭና ብሩሽ ይላጫል፥ እርጥቡንም ብሩሽ እንዳይታወቅበት ከመሳቢያ ይመልሳል። አባት ይህን ቀድሞ አስቦ ለልጁ የራሱን ምላጭና ብሩሽ ቢገዛለት፥ እንዴት እንደሚያለቀልቅና እንደሚያራግፍም አጠገቡ ቆሞ ቢያሳየው፥ ዕቃ ብቻ አልሰጠውም፤ ነውር የሌለበትን ነገር ያለ ኀፍረት ከአባቱ እንዲጠይቅም በር ከፈተለት። ያ ወጣት ነገ ከዚህ የበለጠ ነገር ሲያስጨንቀው የሚመጣው ወደዚያው ወደ ተከፈተው በር ነው።

አባት ያረፈ እንደ ሆነ ደግሞ ልጆች ብሩሹን ለመታሰቢያ ማስቀረት ይወዳሉ። ታጥቦና ደርቆ ከሣጥን ይቀመጥ፤ ይታይ፥ ይታሰብበት። ለመላጨት ግን እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ። የአባት ውርስ በእርግጥ የሚከበረው፥ ዕቃውን ከሥራ በኋላ አጽድቶና አድርቆ የማኖር ልማዱ በልጆቹ እጅ ሲቀጥል ነው።